የጋሽ አዩብ ኮርኒስ

ጋሽ አዩብ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በስምንተኛው ቀን ነው። የወለደች ልጄን ላርስ አዋሽ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነበርና የሚያረዳኝ ሰው አላገኘኝም። በተመለስኩ ማግስት ከቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ ስገባ እህቱ ሀሊማ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ጫማዋን አውልቃ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነበር። ገና ሳያት ገባኝ፤ ዘምቢሌን የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ዘነበች፣ አዩብ ሄደ» አለችኝ።

አለቀስን። እኔ ሳወራም ሳለቅስም ድምፄ ይበዛል፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሰዉ አጽናንቶን ሲመለስ ሀሊማ ፊቷን ጠረገችና የመጣችበትን ነገር አወጣችው።

«አንቺ ስንት ዓመት ፎቶ ቤት ሠራሽ፤ አዩብም እዚያው አረጀ። ድሬ ውስጥ እዚያ ቤት ፎቶ ያልተነሳ ሰው የለም። የወንድሜን አንድ ፎቶ ፈልጊልኝ አቦ። ትንሽም ትሁን። ልጆቼ መልኩን ሊረሱት ነው። እኔ ራሴ፣ ወላሂ፣ ጺሙ በየት በኩል እንደሸበተ ካሁኑ ተምታታብኝ።»

እፈልጋለሁ አልኳት። ምን ልበላት? እንደሌለ አውቅ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ካሜራ ፊት ለፊት የዋለ ሰው አንድም ቀን ካሜራ ውስጥ አልገባም።

ፎቶ ቤታችን መጋላ ነበር፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ቀፊራ በሚወስደው መንገድ ላይ። ባለቤቱ አርመን ነው፤ ስም ቢኖረውም ሁላችንም «ሙሴ» ብቻ ነበር የምንለው። ያን ጊዜ የቀለም ፊልም ድሬ አልገባም። ሙሴ በጥቁርና ነጭ ያነሳል፤ እኔ ደግሞ ባለጉዳዩ ከፈለገ የሙሽራይቱን ከንፈር ቀይ፣ የሚዜውን ክራባት አረንጓዴ እያደረግኩ በቀጭን ብሩሽ እቀባለሁ። ብጉር አጠፋለሁ፣ ጥርስ አነጣለሁ፣ ያልነበረ የወርቅ ሐብል አንገት ላይ አጠልቃለሁ። በእኔ እጅ ያማሩ ሴቶች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ሞቅ ያለ ነው።

ጋሽ አዩብ የኋላውን መጋረጃ የሚስለው ሰው ነበር። ይህን ስል ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። መጋረጃው ሦስት አቡጀዲ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ጨርቅ ነው። በላዩ ላይ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጡ ይታያል፤ በግራና በቀኝ ዓምዶች፣ ዓምዶቹን የሚያያይዙ ቅስቶች፣ ከቅስቶቹ በላይ የወርቅ ጌጥ ያለው ኮርኒስ፣ ኮርኒሱ መሀል ደግሞ ተከፍቶ የተተወ የሚመስል ሰማይ። የድሬ ሰው ሁሉ እዚህ ፊት ቆሟል። ጨው ነጋዴው ሶማሌ፣ ኮት የለበሰው የባቡር ጸሐፊ፣ እጇን በሂና ያስዋበች የሐረሪ ሙሽራ። አንድ ሽማግሌ ከቢዮ አዋሌ ወርደው ከነፍየላቸው ተነስተዋል፤ ሰውየው ካሜራውን ሲያዩ ፍየሏ ኮርኒሱን ታያለች።

«ይሄ የት አገር ነው?» የሚል አይጠፋም።

«ናፖሊ» ይላል ጋሽ አዩብ። ከዚያ በላይ አይጨምርም።

ደመናው መሀል እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ ነበር። መጀመሪያ ቀለም አልቆበት መስሎኝ ጠየቅኩት። «መላእክት ነበሩ እዚህ። እኔ እስላም ነኝ፣ መልአክ አልስልም። ግን ቦታቸውን አልቀማቸውም» አለኝ።

ናፖሊ እንዴት እንደገባ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ድሬ በቀትር ትተኛለች፤ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ ወንዱ ለበርጫው ጥላ ይፈልጋል። ጋሽ አዩብ ግን ከሰው ጋር ተቀምጦ አይቅምም። ጫቱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይቀመጣል፤ እኔ ከዚህ ማዶ ፎቶዬን እቀባለሁ። የነገረኝ ነገር ሁሉ በጨርቅ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ወጣት ሸማኔ ነበር። ጣሊያኖች ናፖሊ ላይ ትልቅ ትርዒት ሲያዘጋጁ ከየአገሩ ሰው ለቀሙ፤ እሱንም ከነሸማው ዕቃ በመርከብ ጭነው ወሰዱት። እዚያ ጎጆ ሠርተው፣ ዙሪያውን አጥረው፣ ከውስጥ አስቀመጡት። ሥራው ተቀምጦ መሸመን ነው። ሕዝቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያየዋል። ሲበላ ያየዋል፣ ሲሰግድ ያየዋል። «ሕፃናት ለውዝ ይወረውሩልኝ ነበር» አለኝ። ይህን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም፤ እኔ ግን ብሩሼን አስቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ሰፋና ትርዒቱ ተዘጋ። ወደ አገር የሚመልስ መርከብ ጠፋ። የከተማው ጎልማሳ ሁሉ ዘምቶ ስለነበር የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ኮርኒስ የሚያድስ አንድ ሽማግሌ ረዳት አጥቶ ከአጥሩ ውስጥ ሰው እንዲሰጡት ለመነ፤ አዩብን ሰጡት። ማይስትሮ ይለው ነበር ሽማግሌውን፤ በእነሱ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። በእንጨት ርብራብ ላይ ከዓምዶቹ በላይ ወጥተው፣ በጀርባቸው ተኝተው፣ የደበዘዘውን ወርቅና ሰማያዊ እያደሱ ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረም። ኮላና ጄሶ ማዋሃድ፣ ቀለም ማጥራት፣ ሁሉንም እዚያ ተማረ።

«ዘኑ፣ ከታች ሰው ይገባል። ሁሉም ቀና ይላል። ሁሉም ኮርኒሱን ያያል። እኔ እዚያ ነኝ፤ እኔን ግን ማንም አያየኝም። ገባሽ? አንድም ሰው! ያቺን ከተማ የወደድኳት ያኔ ነው።»

ገባኝ ማለት ይከብደኛል። ያኔ የገባኝ ግማሹ ነበር። ሰው ሲታይ ይጠብባል፣ ሲያይ ይሰፋል የሚላት አባባል ነበረችው፤ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣ ሰው ፈርቶ ትከሻውን ሲሰበስብ «ኮርኒሱን እይ» ይለዋል፤ ሰውየው ዞር ብሎ ቀና ሲል ትከሻው ይፈታል፤ ወደ ካሜራው ሲመለስ ሙሴ ያነሳዋል። የዚያ ፎቶ ቤት ሰዎች ሁሉ አንገታቸው የረዘመው በዚህ ነው።

እሱ ራሱ ረጅምና ቀጭን ነበር። መንገድ ላይ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚሄደው። የግራ እጁ የመሀል ጣት ቆልመም ያለች ናት፤ «ግመል ረግጣኝ» ይላል። ጥፍሩ ውስጥ የገባ ሰማያዊ ቀለም ለበዓልም አይለቅም።

ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የድሬ ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሩን ብንዘጋ ሙቀቱ ይፈጀናል፤ ብንከፍት መጋረጃው ተነፍቶ ይመጣል። ስለዚህ ጋሽ አዩብ ከጀርባ ቆሞ የግራ ጠርዙን በእጁ ወጥሮ ይይዛል። ጣቶቹ አንዳንዴ ወደዚህ ይወጣሉ። «አዩብ፣ እጅ!» ይላል ሙሴ። ካመለጠውም እኔ በብሩሽ አጠፋቸዋለሁ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ የሰውየውን ጣት እንዳጠፋሁ ፈጣሪ ይወቀው።

በየሁለት ዓመቱ መጋረጃው ይታጠባል። ኮላና ጄሶ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ጨርቁ ነጭ ይሆናል፤ ጋሽ አዩብ በዚያው ሳምንት ያንኑ ኮርኒስ ከልቡ አውጥቶ እንደገና ይስለዋል። ሁልጊዜም አንድ ቦታ ሲደርስ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ ከላይ በግራ በኩል ያለችው ጥግ። ማይስትሮና እሱ እዚያች ጥግ ሳይደርሱ ነው ጣሊያኖቹ ለትርዒቱ ያመጧቸውን ሰዎች ሁሉ ሰብስበው ወደ ሰሜን የወሰዷቸው። ከዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስም ያቺ ጥግ ሳትሞላለት ቀረች። አንዴ ወይን ይስልባታል፣ አንዴ ዛጎል። ጨርሶ ይወርድና ከሩቅ ያያታል።

«ይህቺ ጥግ ውሸት ናት» ይላል።

«ማን ያውቅብሃል?» እለዋለሁ።

«እኔ።»

ከተማው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያወራው። ሳያገባ ስለቀረ ናፖሊ ላይ ሴት አለችው ይሉታል። ናፖሊ፣ ናፖሊ ማለቱን እየሰማ የሚናደድም ነበር። አንድ አርበኛ ፎቶ ሊነሱ መጥተው «የጠላት አገር ትናፍቃለህ አሉ» ብለው ሲቆጡት፣ «አባቴ፣ እኔ የናፈቀኝ ኮርኒስ ነው። ኮርኒስ ማንን ገደለ?» አላቸው። ሰውየው ቢያጉረመርሙም እዚያው ኮርኒስ ፊት ተነስተው ሄዱ። እኔም አፌ አያርፍም፤ «ላም አለኝ በሰማይ» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ይስቃል። ላሟን ግን አንድ ቀን ሄዶ ሊያያት ቆርጦ ነበር፤ ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። «ሳልታወር ያቺን ጥግ ልያት። ከዚያ እዚህ መጥቼ አንዴ በትክክል ልሳለው። አንዴ ብቻ» ይል ነበር።

ጂቡቲ ወደብ የሚሠራው የሀሊማ ባል ነው መንገዱን ያገኘለት። ናፖሊ የምትነካ የጭነት መርከብ ባለፎቶ ወረቀት ሳትጠይቅ የሚቀባት ሰው ፈልጋ ነበር። ጋሽ አዩብ የመርከቧን ብረት እየቀባ ይሄዳል፣ እየቀባ ይመለሳል፤ ዕቃ እስኪራገፍ ሦስት ቀን ናፖሊ ያድራል። 

ሊሄድ ሲል መጋረጃውን አወረደው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ላጥበው። ውሸት ሰቅዬ አልሄድም። አሁን እውነቱን ይዤ ልመጣ ነው።»

ተው አላልኩትም። እንዲያውም አቧራው ያስነጥሰኛል እያልኩ ስነዘንዘው የከረምኩት እኔ ነኝ። ውሃውን በባልዲ ያቀበልኩትም እኔ ነኝ። ሰማያዊና ቢጫ ውሃ በግቢው ወርዶ ቦዩ ውስጥ ሲገባ ሁለታችንም ቆመን አየን፤ እሱ ደስ ብሎት ነበር። ባዶ መጋረጃ ለፎቶም አይከፋም ብሎ ሙሴ ነጩን ጨርቅ ሰቀለው።

በአምስተኛው ወር ባቡር ጣቢያ ተቀበልነው፣ እኔና ሀሊማ። በሄደበት ሻንጣ፣ በሄደበት ጃኬት ወረደ። ሀሊማ ስታቅፈው ከላይዋ አሻግሮ ያያል። ቤት እንሂድ ብንለው እምቢ ብሎ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤት ሄደ። ነጩ ጨርቅ ፊት ቆመ። ብዙ ቆመ።

«ዘኑ፣ ኮርኒሱ የለም» አለኝ። «ሂንጅሩ። የለም።»

«እንዴት የለም?»

«እኛን ወደ ሰሜን በወሰዱን ሰሞን ከሰማይ ቦምብ ወረደበት አሉኝ። ነደደ። ወርቁም፣ ሰማዩም፣ ጥጓም። ለካ እኔ እዚህ ሃያ ዓመት ስስለው የኖርኩት ያኔውኑ የለም ነበር።»

«ማይስትሮውስ?»

«ማን ያውቀዋል? የጠየቅኳቸው ሁሉ ልጆች ናቸው።» ነጩን ጨርቅ በመዳፉ ዳሰሰና ቀጠለ፤ «ቤተ ክርስቲያኑን መልሰው ሠርተውታል፤ አልዋሽም፣ አሳምረውታል። ድንጋይ ነው። ረጅም፣ ንጹሕ ድንጋይ፣ ከላይ የእንጨት ወራጅ። ሰዉ እየገባ ያደንቃል። እኔ ሦስቱንም ቀን ሄድኩ። መሀል ላይ ቆሜ ቀና እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠባቂው መጣና፣ ምን ጠፋብህ አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ወደ መርከቤ ሄድኩ።»

እንግዲህ ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እዚያ የነደደው እዚህ አቡጀዲ ላይ ቆይቶልን ነበር፤ እኛ ደግሞ በባልዲ ውሃ አጠብነው። አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ «አብሽሪ፣ እስለዋለሁ» አለኝ። በማግስቱ ኮላውን አፍልቶ ጀመረ። ዓምዶቹን በእርሳስ አወጣ፣ ቅስቶቹን አወጣ፤ ከቅስቶቹ በላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሳምንት ሙሉ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ይወርዳል።

«ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር። አሁን የሚመጣልኝ ድንጋዩ ነው» አለኝ። «ባልሄድ ኖሮ ነበረኝ።»

ሙሴ መጋረጃውን ብቻውን አንስቶት አያውቅም፤ ሰው የሌለበትን ፎቶ ማን ይገዛዋል? ፊልሙንም ሙቀቱ ስለሚያበላሸው ዓመት ሲሞላው ይጥለዋል። የቀረው በየሰዉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ብቻ ነበር። ስለዚህ ጋሽ አዩብ፣ ያ ግድግዳ ግድግዳውን የሚሄድ ሰው፣ የሙሴን ማጉያ መነጽር ኪሱ ከትቶ የሰው በር ማንኳኳት ጀመረ። ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን ድረስ። «የሠርጋችሁን ፎቶ አሳዩኝ» ይላል። ሰዉ ደስ ብሎት ያወጣለታል፤ ሻይ ያፈላለታል። እሱ ሙሽራዋንም ሙሽራውንም አያይም፤ ከጭንቅላታቸው በላይ ያለችውን ጣት የማታህል ቦታ በማጉያው ይፈልጋል። ወይ ደብዝዛለች፣ ወይ የሙሽራዋ ቬሎ ጋርዷታል፣ ወይ ሙሴ ቆርጧታል። ከተማው ሲያወራ ምን አለ መሰላችሁ? አዩብ ናፖሊ ሄዶ ሴትዮዋን አጥቶ መጣና አሁን በየቤቱ ሙሽራ ያያል።

አንድ ቀን ቀፊራ አጠገብ ከአንዲት ቅመም ሻጭ ቤት እኔ የቀባሁት ፎቶ ተሰቅሎ አገኘ። ወርቁን ለማወቅ የቀለም ፎቶ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። ወደ ፎቶ ቤት ሲመለስ ገና ከበሩ፣

«ዘኑ፣ ሰማይ አረንጓዴ ሆኖ ያውቃል?» አለኝ።

የሠርግ ሰሞን ነበር፤ ሰማያዊው አልቆብኝ በተገኘው ገለበጥኩት። ሁልጊዜ ሰው ፊቱን እንጂ ኋላውን አያይም ብዬ ነበር የምቸኩለው።  ሲያየኝ አዘነልኝ መሰለኝ፤ «አብሽሪ፣ እኔም ጥጓን ዋሽቻለሁ» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ እኔ ቤት መጣ። የሠርጌን ፎቶ አሳየሁት። እኔና ባለቤቴ እንደ ግንድ ቆመን፣ የኮርኒሱ ግራ ጥግ ከላያችን ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር። ማጉያውን አስጠግቶ ብዙ አየ። ከዚያ ማጉያው ወደ ግራ ወረደና ቆመ።

«ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?» አለ።

የመጋረጃው ጠርዝ ላይ አራት ጣቶች ነበሩ። ያን ሳምንት ሙሽራ ስለነበርኩ የሚያጠፋቸው ሰው አልነበረም።

«አጥፊው» አለኝ።

«አጠፋዋለሁ።»

«ማይ።»

«በማርያም» ብዬ ማልኩ። ማጉያውን ኪሱ ከተተና ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የማንንም በር አላንኳኳም። በእኔ ፎቶ ላይ ግልጽ ብላ የምትታየው ጥጓ ብቻ ነበረች፤ ወይን ተስሎባታል። ውሸት ከሆነችው ጥግ በቀር እርግጠኛ የሆነበት ነገር አልቀረለትም።

በዓመቱ ሙሴ ከውጭ የታተመ መጋረጃ አስመጣ፤ ሐይቅ ላይ ሁለት ነጭ ወፎች። ጋሽ አዩብ በእርሳስ የጀመረውን ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደ። ሥራውን ግን አልተወም። ነፋሱ ሲነሳ ከወፎቹ ጀርባ ቆሞ ጠርዙን ይይዛል። ሊነሳ የመጣ ሰው ሲፈራ «ኮርኒሱን እይ» ማለቱን ግን ተወው። እኔ ልጅ ወልጄ ሥራውን ስለቅ እዚያው ትቼው ወጣሁ። አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ፣ አልፎ አልፎ እረሳዋለሁ። ደረቱን እንደታመመ ሰምቼ ከአዋሽ ስመለስ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።

ፎቶ ፈልጊልኝ ባለችኝ በሦስተኛው ቀን ሀሊማ ተመልሳ መጣች።

የሠርጌን ፎቶ ሣጥኔ ውስጥ አግኝቼው ነበር። ጣቶቹ አሉ። ያን ጊዜ ያላጠፋኋቸው በስንፍና ነው፤ ኋላ ግን ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር እጄ አልታዘዝልኝ አለ። ሦስቱንም ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። መሐላ አለብኝ። ሰውየው ሕይወቱን ሙሉ አትዩኝ ነው ያለው፤ ሲሞት አውጥቼ ላሳየው? ደግሞስ ቤቷ ቁጭ ብላ የወንድሟን መልክ እየረሳች ያለች እህት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ለውዝ እንደሚወረውረው ሕዝብ ናት? መልሱን አላውቀውም፤ ዛሬም አላውቀውም። ፎቶውን አወጣሁና ሰጠኋት።

አየችው። «ይቺ አንቺ ነሽ። ይሄ ባልሽ። እሱ የታለ?»

የግራውን ጠርዝ በጣቴ አሳየኋት።

ጎንበስ አለች። መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። ስትዞር ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ይቺን ጣት እኔ ነኝ የሰበርኳት» አለችኝ። «ልጆች ሆነን፣ በር ዘግቼበት። አባታችን እንዳይገርፈኝ ግመል ናት አለ።»

«ለእኔም ግመል ነው ያለኝ» አልኳት።

«እስኪሞት ለሁሉም እንደዚያ አለ።»

ተቀመጠች። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እኔንና ባለቤቴን በአንድ መዳፏ፣ ኮርኒሱን በሌላው መዳፏ ሸፈነች። አራቱ ጣቶች ብቻ ቀሩ፣ ቆልማማዋም ከመሀል።

«ይኸው» አለች፣ «እሱ ነው።»